የዘርትሁን ውሃ

ድሮ ነው ልጆቼ፤ የእኔ አያት ገና ጥርስ ሳያበቅሉ። እዚሁ አስታ አፋፍ መንደር ዘርትሁን የምትባል ደኻ ሴት ነበረች። አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ እሷንም ተስቦ ወሰደባት። ልጅቷ ከመሞቷ በፊት አንገቱ በተሰበረ እንስራ ቀይ አበባ ተክላ ነበር፤ ያቺን ዛሬ ከተሜው ጄራንየም የሚላትን። ለዘርትሁን ከልጇ የቀረላት ያቺው አበባ ብቻ ነበረች።

ታዲያ ፍቅር ልክ አያውቅም። ጧት አጠጣቻት፣ ማታ አጠጣቻት። ቅጠሏ ቢጫ ሆነ፣ ሥሯ ሊበሰብስ ደረሰ። አንድ መንገደኛ ሸክላ ሻጭ እንስራውን ዘንበል አድርጎ አየና፣ "እናቴ፣ ይቺ ጥሙን ትችለዋለች፤ የሚገድላት ውሃው ነው" አላት። የእንስራውን ቂጥ ሸንቁሮላት ሄደ። ዘርትሁን እጇን ሰበሰበች፤ አበባዋም ዳነች።

ቀጥሎ ጎረቤቷ አመለወርቅ መጣች።

"እቴ ዘርትሁን፣ አንድ ዘንግ ቁረጪልኝና ልትከል።"

"የልጄን ክንድ ቆርጬ አልሰጥም!"

አመለወርቅ አፍራ ተመለሰች። በሳምንቱ ግን ዘርትሁን ወንዝ ስትወርድ ጠብቃ፣ አንድ ዘንግ ሰርቃ ተከለች። ዘርትሁን አነባች፣ ረገመች፣ ሰላምታ ነሳቻት። ይግረማችሁና ከተቆረጠው ቦታ ሁለት ቀንበጥ ወጣ። አየችው፤ ልቧ ግን አልራራም። እልኸኛ ነበረቻ!

ከዚያ ኅዳር ገባ፣ ውርጭ ወረደ። እንስራው ደጅ አድሮ ነበር። ሲነጋ አበባዋ እንደ ተቀቀለ ጎመን ጠቁራ ተዘርራለች። ዘርትሁን ልጇን ሁለተኛ ቀበረች። ለአበባስ ማን ለቅሶ ይደርሳል?

አንድ ሰው ደረሰ። አመለወርቅ ቀይ ያበበች ገንቦ ታቅፋ ደጃፉ ላይ ቆመች።

"ሰርቄሽ ነበር። ልጅሽ እኔ ምድጃ ጥግ ነበረች፤ እንቺ" አለቻት።

ዘርትሁን ቅጠሏን አሸተተች፤ የልጇ እጅ ሽታ ነው። ገንቦውን ተቀብላ ደረቷ ላይ አስጠጋችው። አመለወርቅ ባዶ እጇን ልትመለስ ስትል፣ "ቆይ፣ ውሃ ላምጣልሽ" ብላ ጓዳ ገባች። ገብታም ቆየች። አመለወርቅ ነገሩ ገባት። አንድ ዘንግ ቆርጣ በነጠላዋ ሸፍና ሄደች።

ይኸው እስከ ዛሬ በእኛ አገር አበባ አይለመንም፣ "እግዜር ይስጥልኝ"ም አይባልበትም። እንግዳ ዓይኑን ከጣለበት የአበባው ባለቤት "ውሃ ላምጣ" ብላ ትገባለች። ውሃው አይመጣም፤ የሚጠይቅም የለም። ዘርትሁን ዘር ሳትተካ ሞተች ይላሉ። እስቲ በየደጁ ያለውን ቀይ እዩት።

አንቺ ልጅ፣ ከቅድም ጀምሮ አበባዬን ስታዪ አይቼሻለሁ። ቆዩኝማ፣ ውሃ ላምጣ።