የባቡር ነጂው እጆች

አንድ ሰው ነበር፤ ድሬዳዋ የሚኖር፣ መልካም ልጅ የሚባል። አባቱ ጅቡቲ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሁለቱ ከተሞች መካከል ባቡር ሲነዱ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ «የባሕሩ ሙቀት ለአጥንቴ ይስማማል» ብለው እዚያው ቀሩ።

አባቱ እየደከሙ ሲሄዱ ይህ ሰው፣ መንገሻ ይባላል፣ ጠበቃ ጓደኛውን ጠየቀ። «ድንበር ማዶ ላለ አባት ሕጉ ምን ያዝዘኛል?»

«ቀለብ» አለው ጠበቃው። «ምግባቸውን፣ ልብሳቸውን፣ መጠለያቸውን፣ ሕክምናቸውን ትሸፍናለህ። ድንበሩ ከግዴታህ ነፃ አያወጣህም። ወይ ባሉበት ታሟላላቸዋለህ፣ ወይ ቤትህ ወስደህ ታኖራቸዋለህ።»

«ባሉበት ይሁን» አለ መንገሻ።

እንዳለውም አደረገ። ነፋስ የሚገባበት ቤት ተከራየላቸው። ሐኪም አቆመላቸው። ሃዋ የምትባል፣ አማርኛ የምትችል ደግ ሴት ምግባቸውን እንድታበስል ቀጠረላቸው። ወገኖቼ፣ እስቲ ንገሩኝ፤ ሕጉ ከጠራው ሁሉ ምን ጎደለ?

አንድ ቀን ሃዋ ደወለች። «አባባ እየከሱ ነው። አይበሉም።»

«ሐኪሙ ምን አለ?»

«ጤነኛ ናቸው አለ። አንተ ራስህ ና እንጂ፤ በስልክ የወፈረ ሰው አላየሁም።»

መንገሻ በአዲሱ ባቡር ሄደ። ጸጥ ያለ ባቡር ነው፤ መስኮቱ አይከፈትም፣ ናፍጣ ናፍጣ አይሸትም። መንገዱን ሁሉ የቀድሞው ባቡር ፉጨት በጆሮው ነበር።

ሲደርስ ምሳ ሰዓት ሆነ። ሃዋ የአዛውንቱን እጅ ቧንቧው ላይ አጠበች፤ አስቀመጠቻቸው፤ ምግቡን አቀረበች። እሳቸውም ተስተካክለው ተቀመጡ፤ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ ሁለት እጃቸውን ወደፊት ዘረጉና ጠበቁ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው» አለች ሃዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ዱዓ ላይ ያለን ሰው አላቋርጥም ብዬ እወጣለሁ። ስመለስ ምግቡ ቀዝቅዟል፤ እሳቸውም እንቅልፍ ወስዷቸዋል።»

መንገሻ ግን እነዚያን እጆች ያውቃቸዋል። ልጅ ሳለ ፉጨቱ ከሩቅ ሲሰማ እናቱ ማንቆርቆሪያውን ታስይዘው ነበር። አባቱ ከበር ገብተው፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ፣ እንዲሁ እጃቸውን ይዘረጋሉ። እሱ ያፈስሳል። የሞተሩ ቅባት በሳፋው ላይ ጠቁሮ ይወርዳል፤ ውሃው እስኪጠራ ያፈስሳል። ያኔ ይመርቁታል። ሳይመረቅ በዚያ ቤት እህል ተቀምሶ አያውቅም።

ማንቆርቆሪያ ፈለገ፤ የለም። የሻይ ማፍያውን ውሃ ሞላ፤ ሳፋ አነሣ፤ ጎንበስ ብሎ አፈሰሰ። ውሃው ከመጀመሪያው ጠርቶ ወረደ።

አባትየው ሳፋውን ትኩር ብለው አዩት። «አንተ፣ ዛሬ ባቡሩ አልተነሣም እንዴ?»

«አልተነሣም፣ አባባ።»

«ጎሽ። እንግዲያው ተረጋግተን እንበላለን። እደግ፣ ልጄ።»

መንገሻ ጠጉሩ ሸብቷል። እደግ ሲባል ቀና ማለት አቃተው፤ ሳፋውን እንደያዘ ቆየ። አባቱ ግን በሉ። ደግመውም በሉ።

«አባባ፣ ቤት እንሂድ?» አላቸው በኋላ።

«ማን ይነዳል?»

«ሌላ ሰው።»

«ኩርባው ላይ ቀስ ይበል በለው» አሉና ባርኔጣቸውን ጠየቁ።

ወገኖቼ፣ ሕጉ አልተሳሳተም። ጠበቃው ሁለት መንገድ አሳይቶት ነበር፤ መንገሻ የቀለለውን መረጠ። የቀለለውን ያልመረጠ ከመካከላችን ማን አለ? ቀለብ ድንበር ይሻገራል። አጎንብሶ ውሃ የሚያፈስስ ልጅ ግን ራሱ ካልሄደ ማን ያደርሰዋል?

እናንተስ? አባታችሁ ድንበር ማዶ ናቸው? ወይስ እናታችሁ ከአጥር ማዶ ሆነው ነው የራቋችሁ? የምትልኩትን አታቋርጡ፤ ላኩ፤ ግዴታችሁ ነው። ነገር ግን ከልጅነታችሁ አንድ ነገር አስታውሱ። በዚያ ቤት የእናንተ ሥራ ምን ነበር? ፋኖሱን ማብራት ነበር? በትራቸውን ማቀበል? ጫማቸውን ማውለቅ? ያ ሥራ ዛሬም ተተኪ አልተገኘለትም።

ዛሬ፣ እኛ ከዚህ ወጥተን ወደ ማዕዳችን ስንሄድ፣ የሆነ ቤት ውስጥ ሁለት ያረጁ እጆች ይዘረጋሉ። ያየ ሰው ጸሎት ይመስለዋል። ጸሎትም ነው። ሄዳችሁ መልሱላቸው።