ከሱሊና ምንጭ በጥሻው የሚዞረው መንገድ

«ልጄ፣ እንስራው ቢከብድሽም በአቋራጩ እንዳትመጪ» አሉኝ አማቴ፣ ተድሬ ወደ ሉቫን ኮረብታ በመጣሁ ሰሞን። ዛሬም የመንደራችን ሴቶች ከሱሊና ምንጭ ቀድተው ሲመለሱ፣ አጭሩ መንገድ ፊት ለፊታቸው እያለ በጥሻው በኩል ይዞራሉ።

እንደሚነገረው፣ ሮማውያን የጎልን አገር፣ የዛሬዋን ፈረንሳይ፣ ሲወርሩ የአካባቢው ሰው ሁሉ ቤቱን ጥሎ ኮረብታው አናት ካለው ምሽግ ገባ። ሮማውያኑም ዙሪያውን ከበው ውኃ እስኪያልቅበት ይጠብቁ ጀመር። ከሥር ያለችውን ምንጭ ግን አላወቋትም፤ ሴቶቹ በጥሻው ተሽሎክልከው ይቀዱ ነበርና።

ምንጩ ዛሬ በስሟ የሚጠራው ሱሊና ያን ጊዜ አራስ ነበረች። ጡቷ ስለ ነጠፈ ልጇ ማልቀስ አያቋርጥም፤ ጎረቤቶቿም «የዚህ ልጅ ጉሮሮ እኮ የጦር መለከት ነው፤ ሮማውያኑ እሱን ፈርተው ነው የማይወጡት» እያሉ ይቀልዱባት ነበር ይባላል። አንድ ቀን ቀድታ ስትመለስ ለቅሶው ከላይ ተሰማትና፣ አንጀቷ አልችል ብሎ በገላጣው አለት አቋርጣ ወጣች። ከእንስራዋ የተንጠባጠበው ውኃ በደረቁ ድንጋይ ላይ ታየ። ወታደሮቹ ያንን ተከትለው ምንጩን አገኙ፤ ከሥሩ ቦይ ቆፍረውም ውኃውን ወደ ራሳቸው በኩል መለሱት።

«ማን አሳያቸው?» ተባለ ምሽጉ ውስጥ። ካታሎ የሚባል፣ ከሩቅ መጥቶ እዚያ ያገባ ሸክላ ሠሪ ነበር።

«አንተ መጤ፣ ከነሱ ጋር ስትጠቃቀስ ታይተሃል!»

«ኧረ በልጆቼ! እኔስ ከእናንተው ጋር አይደለም እንዴ የተጠማሁት?» ቢል ማን ሰምቶት። ከበሩ ገፍትረው አስወጡት፤ ሮማውያኑም እንዳዩት ገደሉት። ሱሊና ልጇን ታቅፋ እዚያው ቆማ ነበር። ብትናገር የምትወጣው እሷ ናት፤ ልጁስ? ዝም አለች።

ብዙም ሳይቆይ ምሽጉ እጁን ሰጠ፤ ሮማውያኑም ገዢ ሆነው ተቀመጡ። ከዓመታት በኋላ ቦዩ ተደርምሶ ምንጩ ወደ ቦታው ሲመለስ፣ ሱሊና አሁንም በጥሻው ትዞር ጀመር። «አንቺ፣ ጦርነቱ እኮ አልቋል!» ቢሏትም መዞሯን አልተወችም። ሴቶቹም ጦርነቱ አእምሮዋን የነካባት መስሏቸው፣ ብቻዋን እንዳትሆን ብለው አብረዋት ይዞሩ ጀመር፤ በዚያው ልማድ ሆኖ ቀረ። እውነቱን የተናገረችው ልትሞት ስትል ነው ይላሉ፣ ለዚያው ልጇ።

«ታዲያ በመንደራችን ካታሎ የሚባል ሰው ለምን የለም?» ብዬ አማቴን ጠየቅኋቸው።

«በምን አፋችን እንጥራው፣ ልጄ?»

ሁለተኛው ልጄ ሲወለድ ዘመድ ተሰብስቦ «ማን እንበለው?» አለ። «ካታሎ» አልኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌም ደግሜ ጠራሁት።