ሀጂ በሽርና ቢጫው ድንጋይ

የሲራራ ነጋዴዎች በሚያልፉባት በአንዲት የጥንት ከተማ፣ ዕድሜያቸውን በወርቅ ንግድ ያሳለፉ ሀጂ በሽር የሚባሉ አላህን ፈሪ ሽማግሌ ነበሩ። ጎረቤታቸው እንድሪስ የወንዝ ዳር ማሳ ነበረው፤ ልቡ ግን አንድ ቦታ አይረጋም ነበር።

እንድሪስ የጠፋች ፍየል ሲፈልግ በሀጂ ጭንጫ መሬት ላይ ቢጫ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ አገኘ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣ። ለሚስቱ እንኳ ሳይነግር ሀጂ ዘንድ ሄደና «ማሳዬን ወስደው ጭንጫዎን ይስጡኝ» አለ። ልጆቹ የሚበሉት ከዚያች ማሳ ብቻ ነበር።

ከዐስር ሶላት በኋላ በመስጊዱ ግቢ በምስክሮች ፊት ተዋዋሉ። በሸሪዓው ተዋዋዮች ከመጅሊሱ፣ ማለትም ከተዋዋሉበት ጉባኤ፣ ተነሥተው እስኪለያዩ ድረስ ውሉን ማፍረስ ይችላሉና፣ እንድሪስ እሳት ላይ የተቀመጠ ይመስል ተቁነጠነጠ። ዱዓው ረዘመበት። ሽማግሌዎቹ ስለ ዝናብ ማውጋት ሲጀምሩማ ሊፈነዳ ደረሰ። ብድግ አለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ድንጋዩ ከመቀነቱ ሾልኮ ሀጂ እግር ሥር ወደቀ።

ሀጂ አንሥተው አዩት። «ተቀመጥ ልጄ፤ ገና አልተለያየንም።»

እንድሪስ ተመልሶ ተቀመጠ። «ወርቄን ሊቀሙኝ ነው» አለ በሆዱ።

ሀጂ ከግቢው የሸክላ ስባሪ አንሥተው ድንጋዩን ፋቁበት፤ ጥቁር መስመር ወጣ። ከንግዳቸው የተረፈች ቅንጣት ወርቅ ከኪሳቸው አውጥተው ከጎኑ ፋቁ፤ ይሄኛው ቢጫ ሆነ። ቢጫውን ድንጋይ በሌላ ድንጋይ ሲመቱት ደግሞ ብትንትኑ ወጣ፤ ድኝ ድኝ ሸተተ።

«ወርቅ ሲቀጠቅጡት ይጠፈጠፋል እንጂ አይሰባበርም። በል፣ ውሉን አፍርስ።»

እንድሪስ ግን አላመነም። «ለምን እርስዎ አያፈርሱትም?»

«እኔማ ማሳ አገኘሁ፤ ምን ብዬ አፈርሳለሁ? ከፈለግህ ጭንጫውን ይዘህ ሂድ። የነገርኩህን ግን ምስክሮቹ ሰምተዋል።»

እንድሪስ ያኔ ገባው። ወርቅ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌው ራሳቸው ያፈርሱት ነበር። «አፈረስኩ ሀጂ፤ አውፍ ይበሉኝ» አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ከምስክሮቹ አንዱ ግን አልተዋጠለትም። «ሊያታልልዎ የመጣ ሰው አይደል? ዝም ቢሉስ?»

«እሱ የደበቀኝን አላህ እሱን ይጠይቀዋል፤ እኔ ዝም ያልኩትን ግን የሚጠይቀው እኔን ነው» አሉ ሀጂ።

ወገኖቼ፣ የሌላው ተንኮል ለእኛ ዝምታ ፈቃድ ይመስለናል። ሐቅ ግን ሊያታልለን ለመጣም ሰው ይገባዋል፤ ይህ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። እኛ ብንሆን «የእጁን አገኘ» ብለን ማሳውን እናርስ ነበር። በዚህች ቃል የስንቱን ልጆች አስርበን ይሆን?