ካብ ሥር የገባችው ጥንግ

በአንድ ወቅት ገና በመጣ ቁጥር በገና ጨዋታ የሚሸነፍ ላይ አምባ የሚባል መንደር ነበር። ስንፍና እንዳይመስላችሁ። ሜዳቸው በግራ በኩል የድንጋይ ካብ አለው፤ ጥንጓ፣ ያቺ የእንጨት ኳስ፣ ካቡ ሥር ከገባች በቀኝ ለሚመታ ሰው መቆሚያ የለም። ተጋጣሚዎቻቸው፣ የጎረቤት መንደር ታች አምቦች፣ ይህን ስለሚያውቁ ሆን ብለው ወደዚያው ይነዷት ነበር።

በዚህ ሽንፈት እንደ ደምሰው አንጀቱ ያረረ አልነበረም። በአገሩ ወግ ድሉን ያመጣ ሰው በሚቀጥለው ገና ጥንጓን ወደ ላይ ወርውሮ ጨዋታውን ይከፍታል። ደምሰው ከልጅነቱ ጀምሮ የሚመኘው ይህንኑ ነው።

እህቱ ታንጉት ግራኝ ናት። ሴት ሜዳው ውስጥ ስለማትገባ ጨዋታውን ከዳር ሆና ስታይ ኖራለች። አንድ ቀን የወንድሟን ዱላ ነጠቀችና አንድ ድንች በግራዋ መትታ ከአጥር ማዶ ሰደደችው።

«ዞረህ ቁምና በግራህ ምታ፤ ሌላ መላ የለውም» አለችው።

መጀመሪያ ሳቀባት። ከዚያ ግን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አስተማረችው፤ አቋቋሙ በተበላሸ ቁጥር ቁርጭምጭሚቱን በዱላው ጫፍ ጎሸም ታደርገዋለች። እሱም መንደርተኛው ዱላ አያያዝ ጠፋው እያለ ሲስቅበት፣ መዳፉ ውኃ እስኪቋጥር መታ።

የገና ዕለት፣ እኩል ለእኩል ሆነው ጀንበር ልትጠልቅ ስትል፣ ጥንጓ ካቡ ሥር ገባች። ደምሰው ዞሮ እስኪቆም ድረስ ሦስት ታች አምቦች ደረሱ። ይኼኔ ሻረው፣ ከቡድኑ በዕድሜ የሚበልጠውና ጨዋታው የመጨረሻው የሆነው ሰው፣ እግሩን ጥንጓ ፊት ገተረ። ሦስቱም ዱላ ቅልጥሙ ላይ አረፈ።

«ቶሎ በል» አለ።

ደምሰው በግራው መታ። ጥንጓ ካቡን ታክካ የታች አምባን ወሰን አለፈች።

ላይ አምባ በእልልታ ተናጋ፤ የተኳረፈ ሁሉ ታረቀ። ሽማግሌው አያ ተገኘ የመጪውን ዓመት ወርዋሪ ሲጠይቁ፣ ደምሰው የመታሁት እኔ ነኝ አለ። ሻረው ወጌሻው እግሩን በቅቤ እያሸው፣ በፈገግታ፣ «እግሬ ባይኖር ምኑን ትመታው ነበር?» አለ። ታንጉት ደግሞ ሜዳውን ረግጣ መጣች። ማንም አላስወጣትም።

«ግራ እጁን ያሠለጠንኩለት እኔ ነኝ» አለች።

አያ ተገኘ ጥንጓን ለደምሰው ሰጡና፣ «ለሚገባው ስጥ» አሉት። ደስታው ሙሉ ነበር፤ እህቱንም ሻረውንም ይወዳል። ጥንጓን ግን ለራሱም በጣም ይፈልጋታል። ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እያዘዋወረ ቆመ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ በመጪው ገና ጥንጓን ወደ ሰማይ መወርወር የሚገባው ለማን ነው?