ለቅሶዋን ይዛ የሄደችው ሴት

አንዲት ሴት ነበረች። ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል የእንግዳ አልጋ ታነጥፋለች። ዘርትሁን እንበላት። እጇ ጎበዝ ነው፤ አንሶላ ስትዘረጋ እጥፋት አይገኝበትም። ልቧ ላይ ግን አንዲት እጥፋት ነበረች፤ እሷን የሚተኩስ ካውያ ጠፋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቷ ሲሞቱ የማታውቀው ሰው ሁሉ ለቅሶ ደረሳት። አሰለፈች ግን ቀረች። አሰለፈች ማን ናት? አብራት አልጋ የምታነጥፍ፣ ከአንድ ሳህን የምትበላ፣ እናቷን «እማዬ» ብላ የምትጠራ ባልንጀራዋ! ለቅሶ የቀረ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ፤ እኔ አልደግመውም።

ከዚያ ወዲያ አንዱን አንሶላ በዚህና በዚያ ጫፍ ይዘው ይዘረጋሉ፣ ቃል የለም። «ትምጣና ይቅርታ ትበል፤ ያኔ እናያለን» ትላለች ዘርትሁን። ስታለቅስ ግን ለእናቷ ብቻ አልነበረም።

ሆቴሉ ለሠራተኞቹ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ወጣት ቀጠረ። ሰላምታውን አልፈው «እንዲህ ቢሆን፣ እንዲህ ባደረግሁ» የሚባለው ላይ ደረሱ። መምህሩ ሁለት ሁለት አድርጎ አስቀመጣቸው፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይመልሳል። ዘርትሁንን ከማን ጋር? ከአሰለፈች ጋር! ልጁ ምን ያውቃል!

ሌላው በቀላሉ ተወጣው። ዘበኛው፣ «ዝናብ ቢዘንብ ጃንጥላ እይዛለሁ» አለ። ወጥ ሠሪዋ፣ «ባለጸጋ ብሆን ሽንኩርት ባልከተፍኩ!» አለች፤ ተሳቀ።

ዘርትሁን ተራዋ ደረሰ። በአማርኛ ታንቆ የኖረው ነገር በተሰባበረ እንግሊዝኛ አመለጣት።

«ለእናቴ ለቅሶ ብትመጪ ኖሮ፣ አንገትሽን አቅፌ ባለቀስኩ።»

«ጎበዝ!» አለ መምህሩ። «አሰለፈች፣ መልሺላት።»

አሰለፈች ወደ ዘርትሁን ዞረች። «በጊዜው ብሰማ ኖሮ፣ በሩጫ በመጣሁ። አገር ቤት ነበርኩ። ስመለስ ድንኳኑ ተነሥቷል። አፈርኩ።»

«መጨረሻው ላይ ‹ቢሆን› የለም፤ እስኪ እንደገና» አለ መምህሩ።

«አሁን ብመጣ፣» አለች አሰለፈች፣ «በር ትከፍችልኛለሽ?»

«አሁን ተስተካከለ!» አለ ልጁ፣ ደስ ብሎት።

ዘርትሁን ደብተሯን አጠፈች። ኩራትን እናንተም ቀምሳችሁታል። ተነሥታ ወጣች።

እሑድ ቤቷ ቁጭ ብላ በሩን ታያለች። ማንም አያንኳኳም። «አፈርኩ ብላለች እኮ» አለች ለራሷ። «ያፈረ ሰው በምን እጁ ያንኳኳል?»

ተነሣች። ነጠላዋን ለለቅሶ እንደሚደረገው ዘቅዝቃ ለበሰችና ወደ አሰለፈች ቤት ሄደች። ሐዘንተኛ ቤቱ ይቀመጣል እንጂ ለቅሶውን ተሸክሞ ሰው ቤት ይሄዳል? ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እሷ ሄደች። ከደጁ ስትደርስ «እናቴን!» ብላ ጮኸች።

ጎረቤት ግልብጥ ብሎ ወጣ። «ኧረ ማን ሞተ? ምን መዓት ነው?»

«እማዬ!» አለች አሰለፈች በሩን በርግዳ፤ «እማዬ ናት የሞተችው!»

ተቃቅፈው አለቀሱ። ጎረቤቱም ነገሩ ሳይገባው አብሮ አለቀሰ፤ አንዷማ ሮጣ ንፍሮ ጣደች።

ወገኖቼ፣ በዳዩ ማን ነበር? የመጣውስ ማን ነው?

እናንተስ? «ቢደውል አነሣለሁ።» «ብትቀድም እስማታለሁ።» «ቢለምነኝ አስብበታለሁ።» ዕድሜያችሁን በ«ቢ» ጨረሳችሁት እኮ! ከወንድማችሁ ጋር ፊት አዙራችሁ፣ እዚህ ከፊት ተቀምጣችሁ አሜን ትላላችሁ። ለማን ነው አሜኑ?

እግዚአብሔር «ቢመጡ እቀበላቸዋለሁ» ብሎ ሰማይ ላይ ቢቀመጥ ኖሮ፣ ዛሬ የት ነበርን? ማናችን ወደ እሱ መውጣት እንችል ነበር? የተበደለው እሱ፤ የመጣውም እሱ።

«እኔ እኮ ተበድያለሁ» ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ! ያልተበደለማ ምን ይቅር ሊል ነው?

እወዳችኋለሁና በግልጽ ልንገራችሁ፦ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ በቀጥታ ወደ ቤታችሁ አትሂዱ። የማን ደጅ እንደሚጠብቃችሁ እያንዳንዳችሁ ታውቃላችሁ። ያ ሰው አፍሮ ተቀምጧል።

ሂዱለት።