በእሜቴ ወለላ መዳፍ ሥር

አቶ ዓለምነውና ባለቤታቸው ወይዘሮ ፈንታዬ በሚኖሩበት ግቢ ውስጥ አንድ መንግሥት ነበረ። ሁለቱ ሰዎች ይህን አያውቁም። ግቢው የራሳቸው ይመስላቸው ነበር፤ ግብሩንም የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። እንስሳቱ ግን የሥልጣኑን ተዋረድ ጠንቅቀው ያውቁታል። ከሁሉ በላይ ድመቷ እሜቴ ወለላ ናት። ከእሷ በታች ሁለቱ ሰዎች፣ ከሰዎቹ በታች ውሻው፣ ከውሻው በታች አህያዋ፣ ከአህያዋ በታች ዶሮዎቹ ይመጣሉ። ከዶሮዎቹ በታች አይጦችም ነበሩ፤ ነገር ግን እሜቴ ባለችበት ስለ አይጥ ማንሳት ነውር ነው።

ይህን የምጽፈው ስለ አንዲት ድመት ብቻ ስለ ሆነ፣ ድመት ያልሆነ ማንም ቅር እንዳይለው።

እሜቴ ወለላ ከቁርስ በኋላ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ስለ አገልጋዮቿ መናገር ትወድ ነበር።

«ሁለቱም ክፉዎች አይደሉም» ትላለች። «አእምሯቸው ዘገም ይላል እንጂ ታዛዦች ናቸው። በሩ ሥር ስቆም ይከፍቱልኛል። ከፍተውልኝ ሳልወጣ ስቀርም አይቆጡም። ረዥሙ አገልጋዬ ጉልበቱ ላይ ከተኛሁ እግሩ እስኪደነዝዝ አይነቃነቅም። ባለፈው የንስሐ አባቱ ሲመጡ እንኳ ‹ይቅር ይበሉኝ አባ፣ ወለላ ተኝታብኝ ነው› ብሎ ቁጭ እንዳለ ነው የተሳለማቸው። ከዚህ በላይ ታማኝነት አለ?»

«የለም!» አለ ውሻው። ውሻው የእሜቴን ንግግር ከማለቁ በፊት የመደገፍ ልማድ ነበረው።

«ደግሞም ጧት ጧት ይሰግዱልኛል።»

እውነቱን ለመናገር የእሜቴ መኝታ በምሥራቁ ግድግዳ ሥር፣ ከእመቤታችን ሥዕል ዝቅ ብሎ የተነጠፈ ነበር። ሰዎቹ ወደዚያ ዞረው ሲሰግዱ እሷ አንድ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ ታያቸዋለች፤ ስግደቱ ካማራት ጅራቷን ታነቃንቃለች።

ሁዳዴ ገባ። ሰዎቹ ሥጋውንም ወተቱንም ተዉ፤ ስግደታቸውም በዛ። ከጎረቤት የሚመጣው ወተት ግን አልቀረም። ወይዘሮ ፈንታዬ «እሷ ነፍስ ያላወቀች፣ ምን ብላ ትጹም!» እያሉ ሁሉንም ለወለላ ይቀዱላት ጀመር።

እሜቴ ይህን ባየች ጊዜ ጉባኤ ጠራች።

«አስተዋላችሁ? ወተቱን ከአፋቸው ነጥለው ለእኔ ሰጡኝ። ሥጋም ተዉ። ይህ ሁሉ የሆነው በእኔ ትእዛዝ ነው።»

«መቼ አዘዙ እሜቴ?» አለች አህያዋ።

«በልቤ ነው ያዘዝኩት። ጥሩ አገልጋይ ሳይነግሩት ይገባዋል።»

«ይገባዋል!» አለ ውሻው።

«ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በመንግሥቴ ውስጥ ዶሮ አይታረድም!»

ዶሮዎቹ በደስታ ክንፋቸውን አራገቡ። ከሁሉ ይልቅ ነገሩ የሚመለከተው ግን አውራ ዶሮውን ነበር። ደረቱ ሰፊ፣ ላባው ቀይ ነው። ሰሞኑን ወይዘሮ ፈንታዬ በአጠገቡ ሲያልፉ ዓይናቸው ይቆይበት ስለ ነበር፣ በአጥሩ ሽንቁር ሾልኮ ማዶ ወዳለው የደብሩ ዛፍ ሊሰደድ አስቦ ነበር።

አህያዋ ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ «ልጄ፣ እንዳሰብከው ሂድ» አለችው። «እኔ ብዙ ጾም አይቻለሁ። ይተዉና ይተዉና፣ አንድ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን አድረው ሲመጡ ይበላሉ። ሽንኩርቱን ከገበያ የማመጣው እኔ አይደለሁ? ጭነቱ ሲከብደኝ ለማን እንደ ሆነ አውቃለሁ።»

«እመት አህያ ሁሉን ነገር በጀርባዋ ነው የምታስበው!» አለ ውሻው። ጉባኤው ሳቀ። አብዝተው የሳቁት ዶሮዎቹ ነበሩ።

አውራ ዶሮው ግን አልሳቀም። «እሜቴ፣ ነገሩ የነፍሴ ጉዳይ ነው። ልሂድ ወይስ ልቅር?»

«በመዳፌ ሥር ያለውን ማን ይነካዋል?» አለች እሜቴ።

ስለዚህ ቀረ። ከዚያም በኋላ ከወትሮው ከፍ ባለ ድምፅ ይጮህ ጀመር።

ቅዳም ሥዑር ደረሰ። ወይዘሮ ፈንታዬ ከጧት ጀምሮ ሽንኩርት ሲከትፉ እንባቸው ይወርድ ነበር።

«ያለቅሳሉ እኮ!» አለች አንዲት ዶሮ። «ምን ሆነው ይሆን?»

«ለእሜቴ ካላቸው ፍቅር የተነሣ ነው» አለ ውሻው።

ከቀትር በኋላ አቶ ዓለምነው ቢላዋቸውን ድንጋይ ላይ ይስሉ ጀመር። አውራ ዶሮው ድምፁን ሰምቶ ወደ ደጃፉ በረረ።

«እሜቴ! ድረሱልኝ!»

እሜቴ ወለላ ወደ ኋላ አላለችም፤ ይህን እንመስክርላት። ከደጃፉ ወርዳ ሁለቱን መዳፎቿን በክንፉ ላይ ጫነችና መሬት ላይ አስተኛችው።

«አይዞህ፤ አሁን በመዳፌ ሥር ነህ።»

«ክንፌን ያዙት እኮ እሜቴ!»

«እየጠበቅሁህ ነው።»

«ጥበቃው አልበዛም? መንቀሳቀስ አቃተኝ!»

«የት ልትሄድ ነው የምትንቀሳቀሰው? ከእኔ ሌላ ማን አለህ?»

አውራ ዶሮው ታገለ። ይኼኔ ጥፍሯ ወጣ። የእሜቴ ጥፍር የሚወጣው ተጠባቂው መሄድ ሲፈልግ ነው።

አቶ ዓለምነው ቀና ብለው አዩ። «ፈንትዬ! ነይ እይ! ወለላ ዶሮውን ያዘችልን!»

«ኧረ ተው! አይጥ እንኳ ይዛ የማታውቀው?» ወይዘሮ ፈንታዬ ሽንኩርት በነካው እጃቸው እየሮጡ መጡ። ባዩም ጊዜ ራሳቸውን መግታት አልቻሉም። «የኔ ጀግና! የኔ አንበሳ! እኔ ልሙትልሽ!» ብለው እሜቴን ከመሬት አንሥተው ጉንጯን ደጋግመው ሳሟት።

አራቱም መዳፎቿ አየር ላይ ሆኑ። አውራ ዶሮው ተነሣ፤ በአቶ ዓለምነው እግሮች መካከል አለፈ፤ ወደ አጥሩ ተፈተለከ።

«ያዘው! አንተ ውሻ፣ ያዘው እንጂ!» አቶ ዓለምነው ቢላዋ እንደ ያዙ ሮጡ። ውሻው ግን የእሜቴን አስተያየት ሳይሰማ መወሰን አልቻለም፤ እሜቴ ደግሞ ገና እየተሳመች ነበር። አውራ ዶሮው አንድ የጅራት ላባ ሽንቁሩ ላይ ትቶ ወደ ደብሩ ዛፍ ተሻገረ።

«ምን ይደረግ» አሉ አቶ ዓለምነው እያለከለኩ። «ሴቶቹ እንቁላል ላይ ናቸው። ቅርጫ ገብተን የለ? በእሱ እንፈስካለን።»

በማግስቱ ከሰዎቹም ከእሜቴም አፍ የበሬ ሥጋ ሸተተ። እሜቴ ጢሟን ልሳ ጉባኤውን ሰበሰበች።

«እንዳያችሁት አውራ ዶሮውን አድኜዋለሁ። አገልጋዬ ከመሬት እንድታነሣኝ ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው። ሥጋውንም እኔው ፈቀድኩላቸው፤ ስግደት በዝቶባቸው ከስተው ነበር።»

«ነበር!» አለ ውሻው፤ አጥንት ስለ ያዘ ቃሉ በደንብ አልተሰማም።

«እንግዲህ ከእናንተ መካከል ጥበቃዬን የሚሻ ወደ ፊት ይቅረብ» ብላ እሜቴ መዳፏን በቸርነት ዘረጋች።

ዶሮዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዷ የምትታቀፈው እንቁላል ትዝ አላት። ሌላዋ መሬቱን መጫር ጀመረች። አህያዋ ገለባዋን ታኝካለች። እሜቴ ወለላም ዝምታውን እንደ ሙሉ ስምምነት ቆጥራ ጉባኤውን ዘጋች።

ከዚያ ቀን ወዲህ እሜቴ በግቢው ውስጥ ባለፈች ቁጥር ዶሮዎቹ ሁሉ በአንድ ቃል «ዕድሜዎን ያርዝምልን!» ይላሉ። የሚሉት ግን ከቆጥ ላይ ሆነው ነው።