የቀንዳሞች ኩሬ

ተረቴ መጣች፤ ጆሮ ያለው ቀረብ ይበል።

በአንድ የድርቅ ዘመን እንስሳት ሁሉ ተባብረው ኩሬ ቆፈሩ። ኩሬው ሲሞላ ግን በሬዎች ዳርቻውን ያዙና "ንጹሑን ውኃ የሚጠጣ ቀንድ ያለው ብቻ ነው" አሉ። ለአህዮችና ለፈረሶች ጭቃው ተረፈላቸው።

አንዲት አህያ ውርንጭላዋን ሆዱን ሲያመው ወደ በሬዎቹ አለቃ ሄደች።

"ጌታዬ፣ እኛም እኮ ቆፍረናል" አለችው።

"ማናፋት ንግግር አይደለም። እንደ በሬ ማግሳት ተምረሽ ነይ።"

ጉሮሮዋ እስኪቆስል ተለማምዳ ተመለሰችና አገሳች።

"ጥሩ ነው፤ ቀንድሽስ የታለ?" አላት።

"ኧረ በፈጠራችሁ! አሁን ደግሞ ቀንድ ከየት ላምጣ?" ብላ ጮኸች። በሬዎቹ ሳቁባት።

ወጣቶቹ አህዮችና ፈረሶች ያን ሳቅ ሰሙ። ከዚያ በኋላ የለመነ አልነበረም። እነሱ ሲራገጡ፣ በሬዎቹም ሲወጉ፣ የኩሬው ግድብ ተደረመሰና ውኃው ሁሉ ፈስሶ አለቀ።

አቧራው ሲበርድ አለቃው ቀንዱ ተሰብሮ ቆሞ ነበር። "ይህን ያህል ከከፋችሁ ምነው ቀድማችሁ ብትነግሩን?" አላት አህያዋን።

እሷ ግን ትታው፣ ከወደቁት መካከል ውርንጭላዋን መፈለግ ጀመረች።